ከውጅግራ ቀለህ የወጣው ጥይት፤ ወደ ሻቴልሮ የተደረገ ጉብኝት

አንባቢ ሆይ! በአያትዎ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ አሮጌ ውጅግራ አይተው ያውቁ ይሆናል። ስሙን የራሳችን አድርገን ከተቀበልነው ብዙ ዘመን ስለ ሆነ፣ ቃሉ ከየት እንደ መጣ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። ውጅግራ የፈረንሳዮች «ፉዚ ግራ» ነው። ፉዚ ማለት ጠመንጃ ሲሆን፣ ግራ ደግሞ ጠመንጃውን ያወጣው የፈረንሳይ ጦር መኰንን የባዚል ግራ ስም ነው። ባላገራችን ቃሉን በአፉ አላምጦ የሚመቸውን አማርኛ አወጣለት።

እስቲ ያን ጠመንጃ ያውርዱትና፣ ማቀባበያው ከሚመላለስበት ብረት በግራ በኩል ያለውን ገጽ በጨርቅ ወልውለው ይመልከቱት። ዝገት ካልበላው፣ ፈረንጆች ደብዳቤ ሲጽፉ እንደሚቀጣጥሉት ባለ ፊደል የተቀረጸ ጽሕፈት ያገኛሉ። ይኸውም «የጦር መሣሪያ ፋብሪካ» ካለ በኋላ የከተማ ስም ጠርቶ፣ «ሞዴል 1874» ብሎ ይፈጽማል። የከተማው ስም አብዛኛውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው፤ ሴንት ኤቲየን፣ ቱል፣ ወይም ሻቴልሮ። ዛሬ የምንጓዘው ወደ ሦስተኛይቱ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የምጠራቸው ዓመቶች በፈረንጅ አቈጣጠር ናቸው፤ በእኛ አቈጣጠር የምጠራው ሲኖር ግን ዓ.ም. እልበታለሁ።

የምወስድዎ ስለ ውጅግራ ብቻ ለማውራት አይደለም። ከውጅግራ ቀለህ ተጨምቆ ስለ ወጣው ስለ ሌላው ጥይት ልነግርዎ ነው። አንድ መንግሥት በችኰላ የአሮጌውን ጥይት ቀለህ አጥብቦ አዲስ ጥይት ቢያደርግ፣ ያች ችኰላ ምን ያህል ዘመን እንደምትከተለው ከዚህች ከተማ አብልጦ የሚያሳይ ቦታ አላውቅም።

ፓሪስ ላይ ሞንፓርናስ ከሚባለው ጣቢያ በባቡር ተነሥተው ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ወደ ቦርዶ በሚወስደው መሥመር 300 ኪሎ ሜትር ያህል ቢጓዙ፣ ፖዋትዬ ከሚባለው ትልቅ ከተማ ሳይደርሱ ሻቴልሮን ያገኛሉ። ፈጣኑ ባቡር ሁሉ አይቆምባትምና ትኬት ሲቈርጡ አስቀድመው ይጠይቁ። አገሩ ለጥ ያለ ነው። በበጋ ወራት የሄደ ሰው በመስኮቱ የሚያየው ስንዴና የሱፍ አበባ ነው እንጂ፣ የመድፍና የጠመንጃ አገር መሆኑን የሚያስታውቅ አንዳች ምልክት የለም።

ከተማይቱ ቪየን በሚባለው ወንዝ ግራና ቀኝ ተቀምጣለች። ከጣቢያው ወርደው በመሐል ከተማ በኩል ሲያልፉ፣ ፈላስፋው ሬኔ ዴካርት በልጅነቱ የኖረበትን የቤተ ሰቡን ቤት ያሳዩዎታል። ለፍልስፍና ጊዜ ካለዎት ይግቡ። እኛ ግን ወደ ወንዙ እንውረድ። በ16ኛው መቶ ዓመት ተጀምሮ በ17ኛው መጀመሪያ የተፈጸመው፣ በንጉሥ አንሪ 4ኛ ስም የሚጠራው የድንጋይ ድልድይ ከፊትዎ ይዘረጋል። ድልድዩን ሲጨርሱ፣ በወዲያኛው ዳር ሁለት ክብ ግንቦች እንደ ዘበኛ ግራና ቀኝ ቆመው ይቀበሉዎታል። እነርሱን አልፈው ያለው ሰፈር ሻቶኔፍ ይባላል፤ የሠራተኞች ሰፈር ነበር።

ሻቴልሮ ከጥንት ጀምሮ በቢላዋ ሠሪዎች የታወቀች ነበረች። በ1819 ደግሞ በንጉሡ ትእዛዝ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ተቈረቈረባት። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በናፖሌዎን መጨረሻ ዘመን፣ በ1814 እና በ1815፣ የጠላት ጦር ፈረንሳይ ሲገባ፣ በወሰን አጠገብ የነበሩት የጦር መሣሪያ ፋብሪካዎች አደጋ ላይ ወድቀው ነበር። ስለዚህ ከወሰን የራቀ፣ ወንዝ ያለበት፣ ብረት መቀጥቀጥ የሚያውቅ ሕዝብም የሚኖርበት ቦታ ተፈለገ። ሻቴልሮ ሦስቱንም ነበራት። የቪየን ውሃ መንኰራኵሩን ያዞር ጀመር። ኋላም አልዛስ ውስጥ ክሊንገንታል ከሚባለው ስፍራ ሰይፍ ሠሪዎች ከነቤተ ሰባቸው ወደዚህ መጡ። የከተማው ሰው ፋብሪካውን አሳጥሮ «ላ ማኑ» ይለዋል፤ ሠራተኞቹንም «ማኑሻር» እያለ ይጠራቸው ነበር።

ዛሬ ላ ማኑ ጠመንጃ አይሠራም፤ በ1968 ተዘግቷል። ግቢው ግን አልፈረሰም። ከአሮጌዎቹ አዳራሾች አንዱ ሙዚየም ሆኖ፣ የፋብሪካውን ታሪክ፣ አሮጌ አውቶሞቢሎችንና ብስክሌቶችን፣ ደግሞም «ጥቁር ድመት» ይባል ስለ ነበረው ስለ ታወቀው የፓሪስ ካባሬ የሚናገሩ ዕቃዎችን ይዟል። ካባሬውን ያቋቋመው ሮዶልፍ ሳሊስ የዚህች ከተማ ልጅ ነውና። አውቶሞቢልና ጠመንጃ፣ ዘፈንና ብስክሌት በአንድ ጣራ ሥር ሲገናኙ መጀመሪያ ግር ይላል። ነገር ግን የብረት ሥራ ከተማ ታሪክ ነውና ወዲያው ይለምዱታል።

አሁን ወደ ነገራችን እንግባ።

ከ1874 በፊት የፈረንሳይ ወታደር የሚይዘው ሻስፖ የሚባለውን፣ የ1866 ጠመንጃ ነበር። የሻስፖ ጥይት ቀለህ አልነበረውም። ባሩዱና እርሳሱ በወረቀት ተጠቅልለው የሚጐርሱ ነበሩ። ወረቀቱ ሲቃጠል ትርፉ አፈሙዙን ያቆሽሻል፤ እሳቱም ወደ ኋላ እያመለጠ የተኳሹን ፊት ይገርፋል። በ1870 እና በ1871 ፈረንሳይ በፕሩሲያ ከተሸነፈች በኋላ፣ ግራ ይህንኑ ጠመንጃ አሻሽሎ የነሐስ ቀለህ ያለው ጥይት እንዲጐርስ አደረገው። ቀለሁ ሲተኰስ ይለጠጥና ግድግዳውን ይደፍናል፤ እሳት ወደ ኋላ አያመልጥም። እንግዲህ ውጅግራ ራሱ ከአሮጌ ነገር የተሻሻለ አዲስ ነገር ነው። ብዙዎቹ ሻስፖዎችም በፋብሪካ ተለውጠው ውጅግራ ሆነዋል።

የውጅግራው ጥይት አፍ 11 ሚሊ ሜትር ነው። እርሳሱ 25 ግራም ይመዝናል፤ ባሩዱ ጥቁር ነው፤ ከአፈሙዝ ሲወጣም በሴኮንድ 450 ሜትር ያህል ይሄዳል። ቀለሁ ወፍራምና ረጅም፣ 59 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ቂጡ ላይ ሰፊ ከንፈር አለው። ማቀባበያው ባዶውን ቀለህ ስቦ የሚያወጣው ይህን ከንፈር ይዞ ነው። ይህን መጠን ልብ ብለው ይያዙልኝ፤ የሚቀጥለው ነገር ሁሉ ከእርሱ የመጣ ነውና።

በ1884 ፖል ቪዬይ የሚባል ፈረንሳዊ የኬሚስትሪ ሊቅ ጭስ የማያወጣ ባሩድ ሠራ። ባሩዱ «ባሩድ ቤ» ተባለ። ኃይሉ ከጥቁሩ ባሩድ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ተኳሹንም በነጭ ደመና ውስጥ አይሸፍነውም፤ የት እንዳለም ለጠላት አያስታውቅበትም። ዓለም ሁሉ ገና በጥቁር ባሩድ በሚዋጋበት ጊዜ፣ ይህ ምሥጢር በፈረንሳይ እጅ ብቻ ነበረ።

በጃንዋሪ 1886 ጄኔራል ቡላንዤ የጦር ሚኒስትር ሆነ። ችኩል ሰው ነበር፤ ጊዜውም የሚያስቸኵል ነበር። ጀርመን ምሥጢሩን ሳታገኝ አዲስ ጠመንጃ በወታደሩ እጅ እንዲገባ አዘዘ። በጄኔራል ትራሞን የሚመራው ኮሚሲዮን ሥራውን ያዘ፤ የጠመንጃውም አካል እዚሁ ሻቴልሮ ውስጥ ተዘጋጀ። አፈሙዙ 8 ሚሊ ሜትር እንዲሆን ተወሰነ። ለዚህ አፈሙዝ የሚሆን ጥይት ግን ገና አልነበረም።

አዲስ ጥይት ከሥሩ ማሰብ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ከሁሉ የሚቀርበውን ነገር አደረጉ፤ የውጅግራውን ቀለህ ወሰዱ። ቂጡን እንዳለ ትተው፣ አንገቱን ከ11 ወደ 8 ሚሊ ሜትር አጠበቡት፤ ቁመቱንም ከ59 ወደ 50 ሚሊ ሜትር አወረዱት። ቂጡ ሰፊ፣ አፉ ጠባብ ስለ ሆነ፣ በአንድ ትከሻ ብቻ ሊወርድ አልቻለም። ሆዱ ራሱ ከቂጡ ጀምሮ እንደ ሾጣጣ ቀነሰ፤ ከዚያ ትከሻው መጣ፤ ከዚያም አንገቱ። በእጅዎ ቢይዙት ወገቡን በገመድ ታጥቆ ትከሻውን የሰበሰበ ወፍራም ሰው ይመስላል። ጠመንጃው በኤፕሪል 22 ቀን 1887 የጦሩ መሣሪያ እንዲሆን ተፈረመ። ስሙም «ሌቤል» ተባለ። ኮሎኔል ሌቤል ግን የሠራው የእርሳሱን ቅርጽ ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ስለ ነሐስ ጠባይ ጥቂት እንነጋገር፤ ይህ ካልታወቀ ቀለህ ከቀለህ እንዴት እንደሚወጣ አይገባምና።

የጥይት ቀለህ የሚሠራበት ነሐስ ከ100 እጅ 70 መዳብ፣ 30 ዚንክ ነው። ይህ ነሐስ እንግዳ ጠባይ አለው። ሲቀጠቅጡት፣ ሲጐትቱት፣ ሲጨምቁት ይጠነክራል፤ እጅግ ሲጠነክርም ይሰነጠቃል። በእሳት ሲያሞቁት ተመልሶ ይለሰልሳል። ብረት በእሳት ግሎ በውሃ ሲነከር ይጠነክራል፤ ነሐስ ግን ቢነከርም አይጠነክርም። ፋብሪካው አንድ ቀለህ ለማውጣት መጀመሪያ ክብ ሳንቲም ከመሰለ ዝርግ ነሐስ ይነሣል። እርሱን እንደ ሲኒ ያጐደጕደዋል፤ ከዚያም ደጋግሞ እየጐተተ ያረዝመዋል፤ በየመካከሉም በእሳት ያለሰልሰዋል። በመጨረሻ ቂጡ በቀጥቃጭ መኪና እንዲጠነክር፣ አንገቱ ግን በእሳት እንዲለሰልስ ይደረጋል። በአዲስ የጦር ጥይት ትከሻ ላይ አንዳንድ ጊዜ የሚያዩት ሰማያዊና ቡናማ ጥላ ቆሻሻ አይደለም፤ የዚህ የመጨረሻ እሳት አሻራ ነው።

እሳቱ ካልደረሰው ምን ይሆናል? የእንግሊዝ ጦር በህንድ አገር አይቶታል። በዝናብ ወራት በፈረስ ጋጣ አጠገብ ይከማቹ የነበሩ ጥይቶች፣ ማንም ሳይነካቸው ቀለሃቸው በራሱ እየተሰነጠቀ ይገኝ ነበር። ሰዎቹ «የወቅት ስንጥቅ» ብለው ጠሩት። ነገሩ በ1921 ሲመረመር፣ ነሐሱ ሲሠራ በውስጡ የቀረው ውጥረትና ከፈረሱ ሽንት የሚተነው አሞኒያ ተባብረው እንደሚሰነጥቁት ታወቀ። መድኃኒቱም ለስላሳ እሳት ሆነ። ጥይት የፈረስ ሽንት ይፈራል ብሎ ማን ያምናል!

ወደ ሌቤል እንመለስ። አዲሱ ጥይት ሲወጣ ዓለምን አስደነገጠ። እርሳሱ 15 ግራም ብቻ ሲሆን፣ በሴኮንድ ከ600 ሜትር በላይ ይሄዳል። ፈረንሳይ ለጥቂት ጊዜ ከሁሉ ቀደመች። ለእኛም አንድ ነገር አመጣልን። ሌቤል ሲመጣ ውጅግራ ለፈረንሳይ ጦር አሮጌ ሆነ፤ አሮጌ የሆነውም በብዛት ለሽያጭ ወጣ። ከኦቦክና ከጅቡቲ በረሃ ተሻግሮ፣ እንደ ሙሴ ሼፍኔ ባሉ ነጋዴዎች እጅ ወደ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የደረሰው እንዲህ ሆኖ ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ከኢትዮጵያ ሠራዊት ዋና ዋና ጠመንጃዎች አንዱ ውጅግራ ነበረ። ከጦርነቱም ውጭ፣ ጥይቱ በየገበያው ከአሞሌ ጨው ጋር እንደ መመንዘሪያ ገንዘብ ያገለግል ነበር።

ጀርመን ግን ተኝታ አልቀረችም። በ1888 የራሷን ጭስ አልባ ጥይት አወጣች። ጀርመኖች ያወጡት ከንፈር የሌለው፣ ቀጠን ያለ፣ ቀጥ ያለ ቀለህ ነበር። ከንፈር ስለ ሌለው በካርታ ውስጥ አንዱ በአንዱ ላይ ያለ ችግር ይደረደራል፤ ቀጥ ስላለም የሚደረደርበት ሣጥን ቀጥ ያለ ይሆናል። ቂጡ 12 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ይህ መጠን ከዚያ ወዲህ ዓለምን ሞላው፤ በ1906 አሜሪካኖች ያወጡት የጦር ጥይትም ቂጡ ከዚህ እምብዛም አይለይም። ዛሬ አንድ ሰው በቤቱ አንዱን ቀለህ ወደ ሌላ ሊለውጥ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚቀለው ለዚህ ነው፤ ቂጣቸው አንድ ስለ ሆነ ቁመትና አንገት ማስተካከል ብቻ ይበቃዋል።

ፈረንሳይ ግን በውጅግራ ቂጥ ታሰረች። ዋጋውን በሙዚየሙ ውስጥ ባሉት ዕቃዎች አንድ በአንድ መቍጠር ይቻላል። መጀመሪያ ሌቤል ራሱ ነው። 8 ጥይት የሚይዘው ከአፈሙዙ ሥር ባለ ረጅም ቧንቧ ነው። በቧንቧው ውስጥ የአንዱ ጥይት ጫፍ የፊተኛውን ቂጥ እየነካ ይሰለፋል። ጫፉ መለኰሻዋን ቢመታ አደጋ ነውና፣ በቀለሁ ቂጥ ላይ በመለኰሻዋ ዙሪያ ክብ ቦይ ተቀረጸ፤ የኋለኛው ጥይት ጫፍ በቦዩ ውስጥ እንዲያርፍ ማለት ነው። የሌቤል ቀለህ ባገኙ ጊዜ ገልብጠው ይዩት፤ ቦዩን ያገኙታል። ለሌላ አይደለም፤ ለአንድ ችግር የተደረገ መላ ነው። ቀጥሎ በርቲዬ የሚባለው ጠመንጃ መጣ፤ ሣጥኑ 3 ጥይት ብቻ የሚይዝ ነበር፤ 5 እንዲይዝ የተደረገው በ1916፣ ጦርነቱ ከተጋጋለ በኋላ ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነው የ1915 ሾሻ ነው። ፈረንሳዮች ለእግረኛ ወታደር የሚሆን ቀላል መትረየስ ሲፈልጉ፣ የነበራቸው ጥይት ያው የሌቤል ጥይት ነበር። 20 ሾጣጣ ጥይቶች ጎን ለጎን ቢደረደሩ ክብ ይሠራሉ፤ ስለዚህ የሾሻ ካርታ እንደ ግማሽ ጨረቃ ጐበጠ። ተኳሹ ስንት ጥይት እንደ ቀረው እንዲያይም በጐኑ ተከፈተ። በቨርደንና በሶም ጭቃ ውስጥ ያ ክፍት መስኮት ምን እንደሚያስገባ መገመት አያስቸግርም። ተኳሽ መትረየሱ ተነክሶበት በጭቃ ውስጥ ካርታ ሲጠርግ የሞተ እንደ ሆነ፣ የሞቱ ምክንያት ከፊሉ በ1886 በአንድ ጠረጴዛ ላይ የተወሰነ ነው ቢባል፣ እንደ እኔ አስተያየት ማጋነን አይሆንም።

ሌላም አስገራሚ ነገር አለ። በዚያው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጠመንጃ ሲያጥር፣ ፈረንሳዮች ከግምጃ ቤት አሮጌ ውጅግራ አውጥተው የ8 ሚሊ ሜትር አፈሙዝ እየገጠሙ የሌቤልን ጥይት እንዲተኵስ አደረጉት። መጀመሪያ የውጅግራው ቀለህ ሌቤል ሆነ፤ ኋላም ውጅግራው ራሱ ልጁን ተከትሎ ሌቤል ሆነ።

ከዚህ እስራት የተፈቱት እዚሁ ሻቴልሮ ላይ ነው። ከጦርነቱ በኋላ በዚህ ፋብሪካ በኮሎኔል ሬቤል መሪነት አዲስ ቀላል መትረየስ ተሠራ። ስማቸው ይመሳሰላል እንጂ ይህ ሬቤል ከኮሎኔል ሌቤል ሌላ ነው። ለመትረየሱም በ1924 አዲስ የ7.5 ሚሊ ሜትር ጥይት ወጣ፤ ከንፈር የሌለው፣ ቀጥ ያለ፣ ከውጅግራ ምንም ያልወረሰ። ፈረንሳዮች ይህን መትረየስ በከተማይቱ ስም «ሻቴልሮ» እያሉ ይጠሩታል። ከውጅግራ ወደዚህ ለመድረስ 50 ዓመት ፈጀ።

እርሱም ቢሆን በሰላም አልጀመረም። ቀለሁ 58 ሚሊ ሜትር ያህል ቁመት ነበረው፤ የጀርመኑ የማውዘር ጥይት ደግሞ 57 ሚሊ ሜትር ነው። ሞሮኮ ውስጥ በሪፍ ጦርነት ጊዜ የጀርመን ጥይት በእጅ ስለ ነበረ፣ በስሕተት ወደ አዲሱ መትረየስ ገባ። ጥይቱ ይጐርሳል፤ እርሳሱ ግን ለአፈሙዙ ወፍራም ነው፤ መሣሪያው ይፈነዳል። ስለዚህ በ1929 የቀለሁ ቁመት ወደ 54 ሚሊ ሜትር ተቈረጠ፤ የጀርመኑ ጥይት ከቶ እንዳይገባበት። አንድ ጥይት ከሌላው ጋር ቢመሳሰልም ቢለያይም ጣጣ ነው!

አሁን ይህ ሁሉ ያለፈ ነገር ነው ይሉኝ ይሆናል። በአንድ በኩል አላለፈም። በፈረንሳይም በአሜሪካም በየተኩስ ክበቡ አሮጌ ጠመንጃ የሚወዱ ሰዎች አሉ፤ ጠመንጃውም በግድግዳ ላይ ከሚሰቀል ቢተኰስ ይመርጣሉ። የድሮውን ጥይት የሚሠራ ፋብሪካ ግን ተዘግቷል፤ ወይም ጥይቱ እንደ ልብ አይገኝም። ጥይት የሌለው ጠመንጃ ከዱላ አይሻልም። ስለዚህ በ1886 ኮሚሲዮኑ በመንግሥት ገንዘብ ያደረገውን እነርሱ በቤታቸው ጓዳ በሞርሳና በሞረድ ያደርጉታል፤ ካለው ቀለህ የሌለውን ያወጣሉ።

ሌቤል የሚተኵስ ሰው ለምሳሌ ያህል በ1936 አሜሪካ ውስጥ ለአደን የወጣውን የ.348 ዊንቸስተር ቀለህ ይፈልጋል። ከዛሬዎቹ ቀለሆች የውጅግራን ወፍራም ቂጥ የሚመስል እምብዛም አይገኝም፤ እርሱ ግን ይቀርበዋል። ቀለሁን ዘይት ነገር ቀብቶ በብረት ፎርማ ውስጥ በመጫኛ ይጨምቀዋል፤ በአንድ ጊዜ አይደለም፣ በየደረጃው ነው። ትርፉን ቁመት በመጋዝ ቈርጦ በሞረድ ያስተካክላል፤ ከንፈሩን በቶርኖ ይልጋል። በየመካከሉም አንገቱን በእሳት ያለሰልሳል። ይህን ሲያደርግ ቂጡን በውሃ ውስጥ አቁሞ አንገቱን ብቻ ለነበልባሉ ይሰጣል፤ ቂጡ ከለሰለሰ ቀለሁ ሲተኰስ ተፈልቅቆ እሳቱን በተኳሹ ፊት ላይ ይለቅቀዋልና። አንዳንዶቹ ቀለሙ ሲለወጥ እንዲታያቸው መብራቱን አጥፍተው በጨለማ ይሠራሉ።

ሥራው በዚህ አያበቃም። አንገቱ ሲጠብብ ነሐሱ ይወፍራልና ውስጡ ወይም ውጭው መፋቅ አለበት፤ አለዚያ እርሳሱ ተጨንቆ አይለቅም፤ ግፊቱም ከልክ ያልፋል። ብዙ ጊዜ የተተኰሰ ቀለህ ደግሞ ከቂጡ ከፍ ብሎ ውስጥ ለውስጥ ይሳሳል። ይህን ለማወቅ ጫፏ የታጠፈች ቀጭን ሽቦ ወደ ውስጥ አስገብተው ግድግዳውን ይዳብሳሉ፤ ሽቦዋ ቦይ ካገኘች ቀለሁ ይጣላል። የባሩዱ ዓይነትና ልክም ከታተመ መጽሐፍ ይወሰዳል እንጂ በግምት አይጨመርም። ለውጅግራ ጥቁር ባሩድ እንጂ ጭስ አልባውን ባሩድ ማጉረስ ጠመንጃውንም ተኳሹንም ማጥፋት ነው።

አባቶቻችን «ስናይድር» የሚሉት የእንግሊዞቹ ጠመንጃ፣ መቅደላ በ1868 በተወረረ ጊዜ የእንግሊዝ ወታደር ይዞት የመጣው፣ ዛሬ የሚተኰሰው ከዚህም ባሰ ብልሃት ነው። ቀለሁ የሚወጣው ብራዚል ውስጥ ለወፍ አደን ከሚሠራ የ24 ቁጥር ነሐስ ቀለህ ነው። ቁመቱን ይቈርጡታል፤ አፉን ይጨምቁታል፤ ለስናይድር ይሆናል።

አንድ ነገር ልጨምርልዎ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከኢትዮጵያ የወጡ ብዙ አሮጌ ጠመንጃዎች፣ ውጅግራም ጭምር፣ አሜሪካ ውስጥ ለሰብሳቢዎች ተሸጠዋል። የአሜሪካ ሕግ ከ1899 በፊት የተሠራውን ጠመንጃ እንደ ጥንታዊ ዕቃ ያየዋልና ግዢው ቀላል ነው። ገዢው ጠመንጃውን ወልውሎ፣ በሰደፉ ላይ የተቈጠረውን የዳዊት ምልክት ወይም የተጠቀለለውን የቆዳ ጠፍር አይቶ፣ ከማን እጅ እንደ ወጣ ሳያውቅ ቀለህ ሊያወጣለት ይቀመጣል። እኔ በበኩሌ ደስታና ቅሬታ ተቀላቅሎብኛል። ሰውዬው ጠመንጃውን ከዝገት አድኖታል፤ ድምፁንም መልሶለታል። ነገር ግን ዓድዋ ላይ የተሰማ ሊሆን የሚችል ድምፅ በአሜሪካ ሜዳ ለመዝናኛ ሲሰማ፣ ቢያንስ ጥቂቶቹ ከነታሪካቸው ተመዝግበው በአገራቸው ቢቀሩ ኖሮ የሚያሰኝ ነው። በቤትዎ ያለው ካለ የማን እንደ ነበረ፣ የት እንደ ዘመተ፣ ሽማግሌዎቹ ሳሉ ጠይቀው ይጻፉት። በራሱ ላይ የፈረንሳይ ከተማ ስም ብቻ ነው የተጻፈበት።

ከሙዚየሙ ሲወጡ ግቢውን ዞር ዞር ብለው ይመልከቱት። ከአዳራሾቹ አንዱ የበረዶ መንሸራተቻ ሆኗል፤ በሌላው የሰርከስ ትምህርት ቤት አለ፤ ልጆች በገመድ ላይ ሲሄዱ ይታያል። በአንድ ወገን ደግሞ የፈረንሳይ ጦር መሣሪያ መዛግብት ይቀመጡበታል። የድሮዎቹ ሥዕሎች፣ የሠራተኞቹም ስም በዚያ ነው፤ ተመራማሪዎች ከሩቅ እየመጡ ያነቡታል። ከፋብሪካው የቀሩት ሁለት ረጃጅም የጭስ ማውጫዎች ዙሪያቸውን በብረት ደረጃ ተጠምጥመው፣ ከላይም በድልድይ ተያይዘዋል። መውጣት ተፈቅዶ እንደ ሆነ በሩ ላይ ይጠይቁ። ከታች የቪየን ወንዝ መንኰራኵር ሳያዞር ዝም ብሎ ያልፋል፤ ራቅ ብሎ ሁለቱ ክብ ግንቦች ይታያሉ፤ ወደ ፖዋትዬ የሚወርደው የማታ ባቡርም የሚነሣው ከወንዙ ማዶ ነው።